የፋርማሲ ተማሪዎችን አመለካከት የሚለካው መጠይቅ በፎገራ ሜዳ ሲመዘን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚያመራው መንገድ ጋር የሚገናኘው በወረታ ነው። ከተማዋ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች የሚያጠጡት ይህ ሜዳ ቀድሞ በከብቱ፣ ዛሬ ደግሞ ይበልጡን በሩዙ ይታወቃል። በዙሪያው የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ፤ ሦስቱም ፋርማሲ ያስተምራሉ። ከእነዚህ ተቋማት የወጣ ወጣት ባለሙያ በወረታም ሆነ በአካባቢው ባሉት ከተሞች ከመድኃኒት ቤት መስኮት በስተጀርባ ሲቆም ከሚገጥሙት ሰዎች መካከል፣ ሕመሙን ለማስታገሥ የጀመረውን መድኃኒት ማቆም ያቃተው ሰው ይኖራል።

ይህን ሰው እንዴት ይቀበለዋል የሚለው ጥያቄ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ሞርፊንና የመሳሰሉት፣ በአንድነት ኦፒዮይድ የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አካል ይለማመዳቸዋል፤ በድንገት ሲቋረጡም ላብ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ከባድ ጭንቀት ይከተላሉ። ከመስኮቱ ተገፍቶ የተመለሰ ሰው ሕመሙን ታቅፎ ቤቱ አይቀመጥም፤ ማዘዣ ወደማይጠየቅበትና መጠኑ ወደማይታወቅበት ሻጭ ይሄዳል። በአንጻሩ ባለሙያው ከፍርሃት የተነሣ ጠያቂውን ሁሉ በአንድ ዐይን የተመለከተ እንደ ሆነ፣ ሞርፊን የሚያስፈልገው የካንሰር ሕመምተኛ ሌሊቱን ሲቃትት ያድራል። ስለዚህ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ለእነዚህ ሰዎች ያለውን አመለካከት ለማወቅ መፈለግ ተገቢ ነው። አጠያያቂ የሚሆነው የሚታወቅበት መንገድ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው፣ ክሪስቲሰን የተባለው ሐኪምና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አሳትመው ያወጡት መጠይቅ ነው። መጠይቁ 11 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ተጠያቂው የአንድ ሕመም ስም ይሰጠውና ያ ሕመም ስላለበት ሰው በሚናገረው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚስማማ ስድስት እርከን ባለው መለኪያ ያመለክታል። መጀመሪያ የተሠራው ለሕክምና ተማሪዎች ሲሆን፣ ቆይቶ የፋርማሲን ጨምሮ ወደ ሌሎች የጤና ሙያ ተማሪዎች ተሸጋግሯል። አጭር መሆኑና አንዱን ሕመም ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ማስቻሉ ተወዳጅ አድርጎታል። የሳንባ ምች ያለበትና የኦፒዮይድ ሱስ ያለበት ታካሚ በአንድ ተማሪ ዘንድ የሚያገኙትን ግምት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል፤ ይህ ጥቅሙ ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ የፎገራ ገበሬ ኤክስ ጅግና የተባለውን የሩዝ ዝርያ የተቀበለው ስሙን ሰምቶ አይደለም፤ ውኃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ሲበቅል አይቶ ነው። መጠይቅም ከሌላ አገር ሲመጣ እንዲሁ በማሳው ላይ መታየት ይኖርበታል።

ከዐሥራ አንዱ ዐረፍተ ነገሮች አንዱ፣ የጤና መድን ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ከሌሎች ሕመምተኞች እኩል መክፈል አለበት የሚል ይዘት አለው። መድን በአመዛኙ በኩባንያ እጅ ባለበት አገር ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ተጠያቂው የሚፈርደው በኩባንያው ገንዘብ ላይ ነውና መልሱ አመለካከቱን በቀጥታ ያሳያል። በፎገራ ግን መድን የሚባለው ሌላ ነገር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተሁለደሬና ከደቡብ አቸፈር ጋር የተመረጠው ሦስተኛው ወረዳ ፎገራ ነበር። በመሆኑም የዚህ ወረዳ ሰው መድንን የሚያውቀው አባወራው ወይም እማወራዋ በየዓመቱ ከሚያዋጡት ገንዘብና የጎረቤት ሁሉ መዋጮ ከሚጠራቀምበት ቋት ጋር አያይዞ ነው። ከዚህ አካባቢ የተገኘ ተማሪ በዐረፍተ ነገሩ አልስማማም ቢል ታካሚውን ጠልቶ ነው ወይስ የእናቱ መዋጮ ያለበት ቋት ማለቁ አሳስቦት? መጠይቁ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ያስራቸዋል። በሌሊት ተረኝነት ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ከእንቅልፍ ስለ መነሣት የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለሐኪም የተጻፈ በመሆኑ በመድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው ብዙም አይነግረውም።

ከሁሉ የከፋው ችግር የሚታየው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ለመርዳት ማድረግ የምችለው ጥቂት ነው በሚለው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ተማሪው በዚህ ሲስማማ መጠይቁ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ለታካሚው ያለው ግምት አነስተኛ ነው ተብሎ ይመዘገባል። ነገር ግን የኦፒዮይድ ሱስ የሚታከመው በምክር ብቻ አይደለም። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ታንዛኒያ በ2011፣ ኬንያም በ2014 የሜታዶን ሕክምና ጀምረዋል፤ በዚህ ሕክምና ታካሚው በየቀኑ ወደ መስኮቱ እየመጣ የዕለቱን መጠን በባለሙያው ፊት ይጠጣል። እንዲህ በሚሠራበት ቦታ የሚማር ተማሪ ማድረግ የምችለው ጥቂት ነው ቢል በእርግጥ ስለ አመለካከቱ ተናግሯል። እነዚህን መድኃኒቶች ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር በመደርደሪያ ላይ ያላየ፣ ታካሚውን ወዴት እንደሚልክም ያልተነገረው ተማሪ ይህንኑ ቢል ግን የተናገረው እውነት ነው። መጠይቁ መደርደሪያውን ቆጥሮ ልቡን መዘንሁ ይላል።

የቅርብ ዘመን ታሪክ ይህን ለመረዳት ያግዛል። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱና በየጤና ተቋሙ አድልዎና መገለል ይቁም የሚለው ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። ስብከቱ አስቀድሞም ነበር፤ አዲስ የመጣው መድኃኒቱ ነበር። ባለሙያው የሚሰጠው ነገር ሲያገኝ፣ ታካሚውም በየወሩ እየተመላለሰ ሲያገግም ሲታይ፣ ሁለቱ በስም መተዋወቅ ጀመሩ። መገለሉ ጨርሶ ጠፋ ለማለት አይደለም። ነገር ግን አመለካከትን ከመደርደሪያው ነጥሎ በክፍል ውስጥ ብቻ መለወጥ ይቻላል ብሎ ማቀድ ይህን ልምድ መርሳት ይሆናል።

ስለ ርኅራኄ የሚናገረውም ዐረፍተ ነገር ሳይጤን መታለፍ የለበትም። መጠይቁ ከፍ ያለ ርኅራኄ ያለው ሰው ለማገልገልም ፈቃደኛ ይሆናል ብሎ ይነሣል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይደምራል። በኢትዮጵያ ባህል ግን ማዘንና መራቅ አብረው ይኖራሉ። «ያሳዝናል» ተብሎ ከንፈር ተመጦ መስኮቱ ይዘጋል። ከዚህ ላይ ይሉኝታ ሲታከልበት፣ መምህሩ የሚሰበስበውን ወረቀት የሚሞላ ተማሪ አላዝንለትም ብሎ ይጽፋል ተብሎ አይጠበቅም። በዚህ ዐረፍተ ነገር የሚገኘው ከፍተኛ ነጥብ ስለ መልካም አስተዳደግ እንጂ ስለ መልካም እደላ ብዙ አያስረዳም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ተማሪው መጠይቁን በእንግሊዝኛ ይሞላዋል፤ በመስኮቱ በኩል የሚያገለግለው ግን በአማርኛ ነው። በትምህርት ቋንቋው የሕመም ስም ሆኖ የተማረው ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋው «ሱሰኛ» ይሆናል። ኬሊና ዌስተርሆፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ከ500 ለሚበልጡ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ተመሳሳይ ታሪክ ሰጥተው፣ ለከፊሎቹ ሰውየውን በአድራጎቱ በሚፈርጅ ስም፣ ለሌሎቹ ደግሞ ሕመም ያለበት ሰው በሚል ስም አቀረቡላቸው። የመጀመሪያውን ያነበቡት ሰውየው ይበልጥ ጥፋተኛና ቅጣት የሚገባው እንደ ሆነ ወደማሰብ አዘነበሉ። የተለወጠው አንድ ስያሜ ብቻ ነበር።

ይህ ግኝት በአማርኛ ሲታሰብ እንዳለ አይገለበጥም። «በሽተኛ» የሚለው ቃልም እንደ «ሱሰኛ» በ«ኛ» የሚያልቅ ነው፤ ማንንም ግን አያዋርድም። እንዲያውም ሱስ የሚለው ቃል በቡና ዙሪያ ሲነገር ፈገግታ ያመጣል፤ የቡና ሱስ አለብኝ የምትል እናት አታፍርም። ችግሩ ያለው በሌላ ጥንድ ቃላት ላይ ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠው «ማደንዘዣ» እና በወንጀል የሚያስጠይቀው «አደንዛዥ ዕፅ» ከአንድ ግሥ የተወለዱ ናቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 የሚከለክለው ሕገ ወጥ ዝውውርና አጠቃቀም ሞርፊንን ከሚመስሉ መድኃኒቶች ጋር አንድ ስም ይጋራል። በመሆኑም በተማሪው ልቡና ውስጥ ሐኪም ያዘዘውን ሞርፊን የሚፈልገው የካንሰር ሕመምተኛና በጨለማ የሚገዛው ወጣት በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። መጠይቁን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ይህ ነው፤ የቃል በቃል ትርጉምም አያወጣውም።

ተማሪው የኦፒዮይድ ሱስ ያለበት ሰው ሲባል ማንን ያስባል? መጠይቁ ይህን አይጠይቅም፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው ግን በዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ታካሚዎች ይታሰቡ። አንደኛው በወረታ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ሁለተኛው ዕድሜውን በሩዝ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያርም የኖረ፣ ወገቡ የተጎዳ፣ ትራማዶል ከጀመረ ስምንት ወር ያለፈው የ60 ዓመት ገበሬ ነው። ወጣቱ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «አልቋል» የሚል ነው፤ መድኃኒቱ ከጀርባ ተደርድሮ ይታያል። ገበሬው «ዶክተር፣ ያችን ክኒን ካልዋጥሁ ሌሊቱ አይነጋልኝም» ሲል፣ «አባቴ፣ የሐኪም ወረቀት ይዘው መጥተዋል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ባይዝም አንዳንድ ጊዜ ይሰጠዋል። በሕክምና ዐይን ሁለቱም አንድ ሕመም ሊኖርባቸው ይችላል። ሁለቱም በትክክል አልታከሙም፤ አንዱ በውሸት ተመልሷል፣ ሌላው በአክብሮት ተጎድቷል። መጠይቁ የሚያቀርበው አንድ ስም ብቻ ስለ ሆነ ተማሪው የሚመልሰው ስለ ባጃጅ ነጂው ይሆናል፤ ገበሬው በአእምሮው ሱስ ያለበት ሰው አይደለምና። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ውስጥ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ቁስለኛው በርክቷል። ከቁስሉ በኋላ የሚቀር ሕመም ያለበት ሰው በየትኛው ወገን ይመደባል?

እዚህ ላይ የፋርማሲ ትምህርት በእጁ የያዘውን ግሩም ምሳሌ ሳይጠቀምበት መቅረቱ ያስቆጫል። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 የተባለውን የጉበት ኢንዛይም የሚያዘው ዘረ መል ከመደበኛው በላይ ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው አሳይተዋል። ይህ ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ትራማዶልንም ወደ ይበልጥ ኃይለኛ ውሕድ ይቀይራል። ስለዚህ ለአንዱ ሰው በልክ የሆነው ክኒን ለሌላው ሊበዛ ይችላል። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን ከአገልግሎት ውጭ ሲያደርግ ከመነሻዎቹ አንዱ ይኸው ዕውቀት ነበር። ተማሪው ይህን በፋርማኮሎጂ ክፍለ ጊዜ ይማረዋል፤ ለፈተናም ያጠናዋል። ነገር ግን ከታካሚው ጋር አያገናኘውም። አንድ ሰው መድኃኒቱ ከሚጠበቀው በላይ የሚሠራበት ከጉበቱ ጠባይ የተነሣ ሊሆን እንደሚችል ያወቀ ተማሪ፣ ሁሉን ነገር በሰውየው የፈቃድ ድክመት ላይ ለመጣል ትንሽ ያመነታል። እርግጥ ነው፣ የዘረ መሉ መደጋገም የሱስ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ብሎ የሚያስተምር መምህር ቢኖር ከጥናቱ በላይ ሄዷል። ቢሆንም አስተማሪነቱ በሌላ አገር ምሳሌ የሚተካ አይደለም።

በዚህ ትችት ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ይኸውም ባለሙያው እጅግ ርኅሩኅ እንዲሆን ከተገፋፋ መድኃኒቱን ያለ ልክ ይረጨዋል የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ኦክሲኮንቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ከቀረበ በኋላ አምራቹ ድርጅት ሱስ የማስያዝ ጠባዩን አሳንሶ በማስተዋወቁ በ2007 በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኗል፤ በዚያ ዘመን የተንሰራፋው ጉዳትም በዓለም የታወቀ ነው። ቅርብ ካለውም ስንነሣ፣ በጎንደር ከተማ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ያለ ማዘዣ ሊሸጡ የማይገባቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በመድኃኒት ቤቶች ያለ ማዘዣ ይሸጣሉ። ስለዚህ እምቢ ማለት የሙያው አንዱ ክፍል ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ መጠይቁን ይበልጥ ያጋልጠዋል እንጂ አያድነውም። ሕግን ጠብቆ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ ሐኪም ጋ የሚደርስበትን መንገድ አመልክቶ እምቢ የሚል ተማሪና ሰውየውን በሰልፈኛ ፊት አዋርዶ የሚመልስ ተማሪ በዚህ መለኪያ ላይ የሚለያዩበት ዐረፍተ ነገር የለም።

መምህራንን በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ ደግሞ አመለካከቱ የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ተማሪው ስለ አደንዛዥ ዕፅ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚቀስመው በፋርማሲ ትምህርት ክፍል ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በክበባት ተውኔትና የራስ ቅል በተሣለበት ወረቀት አማካይነት ነው። እዚያ የሚቀርበው ሱስ ያለበት ሰው ዘወትር የሚሞት ወይም የሚታሰር ነው፤ የሚታከም ሆኖ አይታይም። ኮሪጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ አእምሮ ሕመም መገለል የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በአዋቂዎች ዘንድ ከታማሚው ጋር በአካል መገናኘት ከትምህርት ይልቅ ይበልጥ እንደሚሠራ፣ በጉርምስና ዕድሜ ባሉት ዘንድ ግን ትምህርቱ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አግኝተዋል። ጥናቱ ስለ ሱስ ብቻ የተሠራ ባይሆንም ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቁመው አለ። ዩኒቨርሲቲው በአራተኛው ዓመት አንድ ንግግር ጨምሮ ሊያርም የሚሞክረውን፣ የዘጠነኛ ክፍል መምህር በሚመርጠው ሥዕል አስቀድሞ ሊያቀናው ይችላል።

በሌላ በኩል መጠይቁ የሚሰጠው ለዲግሪ ተማሪዎች ሲሆን፣ በትናንሽ ከተሞች መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ድራጊስቱ ነው። የእርሱ ሥልጠና በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ስለ ሆነ በዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓተ ትምህርት ላይ የሚደረገው ማሻሻያ ሁሉ ሳይነካው ያልፋል። ዕቅዱ መስኮቱን ለመለወጥ ከሆነ የመስኮቱን ሰው መተው አይቻልም።

እንግዲህ መጠይቁ ይጣል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ አንዱ ሕመም በሁለትና በሦስት የተለያዩ ሰዎች ታሪክ ተተክቶ ቢቀርብ፣ የመድንና የሌሊት ተረኝነት ዐረፍተ ነገሮች ቢወጡ፣ ማድረግ የምችለው ጥቂት ነው ከሚለው ጎን ደግሞ በምትለማመድበት መድኃኒት ቤት ለዚህ ታካሚ የሚሰጥ ምን አለ፣ የሚላክበትስ ቦታ ታውቃለህ ወይ የሚል ቀላል ጥያቄ ቢገባ፣ የልቡና የመደርደሪያው ሒሳብ መለየት ይጀምራል። ከዚያም የልምምድ መምህሩ ከተማሪው አጠገብ ቆሞ የሚመዘግበው አንድ ነገር ሊጨመር ይችላል። ይኸውም በልምምዱ ወራት መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ እያለ ተማሪው ስንት ጊዜ «አልቋል» እንዳለ፣ ያለውም ለየትኛው ሰው እንደ ነበረ ነው።